ጭራ የሌለው ቁጥር

መስከረም 28

ለልጄ፣ ለመሐንዲሷ፦

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ የወለቀ ቁልፍ ራሴ እተክላለሁ፣ አሥራ አራቱን ደረጃ ድጋፉን ሳልይዝ እወጣለሁ። ስወርድ እይዛለሁ፤ እሱንም ሰው ካላየኝ ነው። መነጽር ለንባብ ብቻ ነው የምፈልገው። ጆሮዬ ያው ነው። የጎረቤቶቼ የውሃ ፓምፕ ሲነሣ ከአልጋዬ ሳልወርድ ሰምቼው «ዘንጉ የሚዞርበት የፊቱ ኩሽኔታ አልቋል» ብላቸው «አንተ ሽማግሌ፣ ፓምፑን መቼ አየኸውና?» ብለው ሳቁብኝ። በሳምንቱ ቀጥ አለ። አሁን ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «ጤናዎ እንዴት ነው፣ ብቻዎን እንዴት ይኖራሉ?» ስላልሽኝ ነው። እንዲህ ነው የምኖረው። አክስትሽ ካረፈች አራት ዓመት ሞላት። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞርኩት እንጂ አላነሣሁትም። ጽሕፈቴ ካላማረሽ በሷ እንዳትፈርጂ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ከሥራ ስመለስ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ደብተር ታስይዘኝ ነበር። በ«ሀ» አይደለም ያስጀመረችኝ፤ በስሜ ነው። ባሏ በአውራ ጣቱ ሲፈርም ማየት አሳፍሯት ነበር። እኔም እሷን ደስ ይበላት ብዬ ተማርኩ እንጂ ለራሴስ አልጎደለብኝም ነበር።

የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያችን እድሳት በአንቺ እጅ ገባ ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው። አዳራሹ ውስጥ ስትቆሚ የሁለቱ ማሽኖች ድምፅ መጀመሪያ የሚሰማሽ በጫማሽ ሶል በኩል ነው፤ በጆሮ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቁጥር ማሽን ጨዋ ነው። ሁለት ቁጥር ቁጡ ነው። ወለሉን ቀይረውት ካልሆነ በቀር አንቺም ታውቂዋለሽ።

ኩሽኔታ ልትመርጪ ከሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ሰው ኩሽኔታ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ይገባል አይገባም የሚለውን ነው። መግባትማ ሁሉም ይገባል። የሚሸከመውን ክብደት እዪ፣ ፍጥነቱን እዪ፣ ሙቀቱን እዪ፣ በየስንት ሰዓቱ ማለስለሻ ግራሶ እንደሚፈልግ እዪ። ሳጥኑን ማን እንዴት እንዳስቀመጠው ጠይቂ፤ በጎኑ ቆሞ የከረመ አትቀበዪ፣ ተኝቶ ነው መቀመጥ ያለበት። ደግሞ መለዋወጫውን ከሚሠራ ማሽን አጠገብ እንዳያስቀምጡብሽ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ኳሶቹ ባሉበት ሆነው ብረቱን ይሰረጉዱታል፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይሽከረከር አርጅቶ ይጠብቅሻል። «ቁጭ ያለ ነገር እንዴት ያረጃል?» ካልሽ እኔን እዪኝ። ሲገባም በመዶሻ አይመታም፤ ሞቆ፣ ሰፍቶ፣ በራሱ ይግባ። የሚመታ ሰው ካየሽ መዶሻውን ቀምተሽ ቢሮሽ ቆልፊበት።

ስለ ሁለት ቁጥር ማሽን የጠየቅሽኝን ረስቼው አይደለም። ወረቀቱ አልቆብኝ ነው።

አባትሽን ሰላም በዪልኝ። ሰላምታዬን ካልተቀበለ ግን አትጫኚው።

ጣቢያ ሳለሁ «ጆሮ» የምባለው፣ የአክስትሽ ባል


ጥቅምት 14

ለመሐንዲሷ፦

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አጭር ነበር። የኔም ቢያጥር አትቀየሚኝ።

አዎ፣ የኮሚቴው ውሳኔ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። መጨረሻው ላይ የምትታየው ጭረት እጄ ደክሞ የሳተው ነው እንጂ ሌላ ሰው አስመስሎ የፈረመው አይደለም።

የሆነውን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የሁለት ቁጥር ጄኔሬተር የኋላ ኩሽኔታ ተቃጠለ። አንድ ቁጥሩ ለእድሳት ተፈትቶ ነበርና ከተማው አርባ ቀን ጨለማ ውስጥ ከረመ፤ ሆስፒታሉ በፋኖስ ሠራ። ኮሚቴ ተቀመጠ። «ግራሶ ስላልተሰጠው ደርቆ አርሯል» ብለው ጻፉ። ማሽኖቹን ግራሶ የሚያጠጣው አባትሽ ነበር፤ ስሙም ያው «ግራሶ» ነበር። ተባረረ። ይህን አንቺም በቤታችሁ እየሰማሽ ነው ያደግሽው፤ እንደገና ከኔ አፍ ለምን ልትሰሚው እንደፈለግሽ አልገባኝም።

«እውነት ደርቆ ነበር?» ላልሽኝ፣ የጻፉት እነሱ ናቸው። እኔ የፈረምኩ ሰው ነኝ። የኮሚቴ ጽሑፍ የተማረው እንኳ ሁለቴ ካላነበበው አይገባውም። እኔ ከአክስትሽ ደብተር ሌላ ምን አንብቤ አውቃለሁ? ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ።

የመጋዘኑ መዝገብም የኔ እጅ ነው። ዋና መካኒክም፣ ቁልፍ ያዥም እኔ ነበርኩ። የሁለት ቁጥር ማሽን የፊት ኩሽኔታ 6324፣ የኋላውም 6324 ይላል። ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ተሳስቼ አላውቅም። ሁለቱም አንድ ናቸው።

ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። የቆየ ነገር መጎርጎር ማንን ይጠቅማል? አባትሽ ስለኔ የሚለው ነገር ካለ ጻፊልኝ። ባትጽፊልኝም ግድ የለኝም።

የአክስትሽ ባል


ጥቅምት 25

ውድ ጋሼ፦

እንደምን ሰነበቱ? እኔና አባባ ደህና ነን። የእጁ መንቀጥቀጥ ብሶበታል፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ እሱም በቆለፍኩለት ቁጥር ይቆጣኛል። ሰላምታዎን አድርሼለታለሁ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

«ማንን ይጠቅማል?» ብለውኛል። ልመልስልዎ። ኅዳር 20 የግዥ ኮሚቴው ይቀመጣል። በዚያ ቀን ለሁለት ቁጥር ጄኔሬተር የሚገዛው ኩሽኔታ የትኛው እንደሆነ ተናግሬ፣ ምክንያቴን አስረድቼ መነሣት አለብኝ። ማሽኑ እየሠራ ስለሆነ አሁን ያለውን ከፍቼ ማየት አልችልም። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ጎርፍ በገባ ዓመት ጠፍቷል። በእጄ ያሉት ሁለት ወረቀቶች ብቻ ናቸው፤ እርስዎ የጻፉት መዝገብና እርስዎ የፈረሙበት የኮሚቴ ውሳኔ። መዝገቡ ፊትም ኋላም 6324 ይላል። ውሳኔው «በግራሶ እጥረት» ይላል። የግዥ ኃላፊያችን እነዚህን ሁለቱን አይቶ ነገሩን ጨርሶታል፦ «ችግሩ የሰው ስንፍና እንጂ የዕቃ አይደለም። ሁለቱንም ተራውን እንግዛና ራሱ ግራሶ የሚሰጥ መሣሪያ እንግጠምበት።»

የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። እንደዚህ ያለ ጄኔሬተር ሲሽከረከር ዘንጉ ላይ ኤሌክትሪክ ይሾልካል። በኋላው ኩሽኔታ በኩል መውጫ ካገኘ በኳሶቹ ላይ እየዘለለ ያልፋል፤ በዘለለ ቁጥር ብረቱን ይነክሰዋል። እንዳያልፍ ከኋላ የሚገባው ውጪው የሸክላ ልባስ ያለው ኩሽኔታ ነው። ቁጥሩ ከተራው ጋር አንድ ነው። የሚለየው ከቁጥሩ ቀጥለው በሚመጡት ፊደላት ብቻ ነው። በመዝገብዎ ላይ ግን ከቁጥር በኋላ ፊደል የሚባል ነገር የትም ገጽ ላይ የለም።

ጋሼ፣ ጥርጣሬ ኮሚቴ ፊት ምስክር አይሆንም። ተራው ከተገዛ በወራት ውስጥ ያው ይደገማል። ሆስፒታሉ ዛሬ የያኔውን ሦስት እጥፍ ነው። ያኔም የሚባረር አንድ ግራሶ ሰጪ አይጠፋም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎ። ኩሽኔታውን ፈትተው ያወጡት እርስዎ ነዎት። የውስጡ ብረት ላይ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሸንተረር ሸንተረር ያለ መስመር ነበር?

አባባንም ጠይቄዋለሁ። «ግራሶውን በእጄ ነው የሞላሁት፤ ጆሮ ያውቃል» አለኝ። ይህን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲል ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አላመንኩትም ነበር። ሰው ራሱን ሲያጽናና ነው እያልኩ ነው ያለፍኩት። ዘንድሮ በሥራዬ ስለዚህ ነገር ሳነብ ነው ቀና ያልኩት። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?» ብዬ ስጠይቀው «ተናግሬ ነበር። ሰነፍ ነው ከተባልኩ በኋላ ማን ይስማኝ?» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «ዕቃዬን ይዤ ስወጣ ጆሮ በሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ አይቼዋለሁ» አለ። የጻፍኩልዎ ልወቅስዎ አይደለም፤ መልሱ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

አክባሪዎ፣ ልጅዎ


ጥቅምት 30

ልጄ፦

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መነጽሬ ስለተሰበረ ግን ላነበው አልቻልኩም። የሚጠግነው ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብሎኛል፤ ስለዚህ መልስ አትጠብቂ።

ለአባትሽ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ አትግዢለት። በአንገት የሚገባው ይሻለዋል፤ አንቺም ከቁጣው ትድኛለሽ።

በሩ ላይ ደግሞ አልሳቅሁም። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ፊቴን አጨማድጄ ነው።

የአክስትሽ ባል


ኅዳር 4

ልጄ፦

መነጽሬ አልተሰበረም። ስለ ሸሚዙ የጻፍኩት ራሴን እንዳጋለጠኝ የገባኝ ፖስታውን ከጣልኩ በኋላ ነው። ተመልሼ የፖስታ ቤቷን ልጅ «መልሺልኝ» ብላት «አባባ፣ የገባ አይወጣም» አለችኝ። እኔም ቆጣ ብዬ «እሱን መች አጣሁት» ብያት ወጣሁ።

ሸንተረር ነበረው።

ይቺን አንዲት መስመር ለመጻፍ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ከጻፍኳት ዘንድ ሌላውንም ልጨርሰው።

በቁጥር ማንም አይደርስብኝም ነበር። የመጋዘኑ በር ላይ ቆሜ የትኛው መደርደሪያ ላይ የትኛው ሳጥን እንዳለ እናገር ነበር። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣውን የፈረንጅ ፊደል ግን አላውቀውም። ስሙን «ጭራ» ብዬዋለሁ። «ቁጥሩ ስሙ ነው፤ ጭራው ፋብሪካው ለጌጥ ያስገባው ነው» እያልኩ ከሥሬ ለሚሠሩት አስተምር ነበር። እነሱ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። እኔ የምሬን ነበር። አክስትሽ የአገራችንን ፊደል እንደጨረስኩ የፈረንጁንም ልታስጀምረኝ አዲስ ደብተር ይዛ መጥታ ነበር። «አንድ ፊደል ይበቃኛል፤ በሚስት ላይ ሚስት አገባሁ እንዴ?» ብያት ደብተሩን ዘጋሁት። ሳቀች፤ እኔም የረታኋት መሰለኝ። መዝገቡ ላይ ፊደል ያጣሽው ለዚህ ነው። የማላውቀውን አልጽፍማ።

ያን ዓመት የሁለት ቁጥር ማሽን ኩሽኔታዎች እንዲቀየሩ ሁለት ሳጥን መጣልን። ሁለቱም 6324። አንዱ ጭራው አጭር፣ ሌላው ረጅም። ባለ ረጅሙን ስከፍተው የኩሽኔታው ውጪ ነጣ ያለ፣ እንደ ሳህን የተለበሰ ነው። «ይሄ ተበላሽቶ ቀለም የተቀባ ነው» ብዬ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ለኋላው ከድሮው ክምችት ተራውን አወረድኩ። አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ጆሮ፣ ሁለት ዓይነት የላኩት እንዲያው ለምን ይሆን?» አለኝ። «አንተ ግራሶህን ያዝ» አልኩት። ሰው ፊት ነው ያልኩት። ሳቁበት።

በሰባተኛው ወር ድምፁ ተለወጠ። የካቻቢቴውን ጫፍ ከማሽኑ፣ እጀታውን ከጆሮዬ አድርጌ ስሰማው ጠጠር የሚያኝክ ይመስላል። አባትሽን «ጨምርለት» አልኩት፤ ጨመረ፣ እያየሁት ነው የጨመረው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጢሱ ወጣ።

ስፈታው ግራሶው ሙሉ ነበር። ጠቁሯል፣ አርሯል፣ ግን ሙሉ ነው። በሁለት ጣቴ ዝቄ ዝቄ አልጨርሰው አልኩ። ከሥሩ ያለው ብረት አንቺ እንዳልሽው ነው፤ እንደ ቆርቆሮ። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲያ ያለ አይቼ አላውቅም። አባትሽ ብረቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ጆሮ ያውቃል» እያለ እስከ ዛሬ የሚነግርሽ እንግዲህ ያንን ነው።

የሚጠግን ቴክኒሻን ከውጭ አገር መጣ። በቋንቋ አንግባባም። መጋዘን ገብቶ ዙሪያውን ሲያይ ያንን የሰቀልኩትን ነጩን ኩሽኔታ አወረደው። ሳጥኑን ከተራው ሳጥን ጎን አስቀመጠና ጣቴን ያዘ። የልጅ ጣት እንደሚያዝ። በጣቴ የአንዱን ቁጥር አስነካኝ፣ የሌላውን ቁጥር አስነካኝ፣ አንድ ነው ብሎ ነቀነቀ። ከዚያ የአንዱን ጭራ አስነካኝ፣ የሌላውን ጭራ አስነካኝ፤ ራሱን ግራ ቀኝ ወዘወዘ። ከዘንጉ ወደ ኳሱ፣ ከኳሱ ወደ ብረቱ በእጁ እየዘለለ «ትስ፣ ትስ፣ ትስ» አለኝ። ገባኝ። ያለ ቋንቋ ገባኝ። ኮሚቴው ሊቀመጥ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።

አንድ ቀን አይደለም፣ ልጄ፤ ሦስት ቀን። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ብቻውን ነበር፤ «ምን ነበር?» ሲለኝ የመጋዘኑ አምፖል ተቃጥሏል አልኩት።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። «ግራሶው እንዴት ነበር?» አሉኝ። «አርሯል» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ አርሯል። ሙሉ ነው ጎዶሎ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው። እነሱ «ደርቆ አርሯል» ብለው ጻፉት። ባለፈው «ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ» ብዬሻለሁ። ሰብሳቢው ከመፈረሜ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦልኛል። «ትክክል ነው?» ብሎኛል። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ጆሮ እባል የለ?

ማሽኑ ሲነሣ «ቀን ከሌት ደክመሃል» ብለው የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። አባትሽ ወፍጮ ቤት ከረጢት ሊሸከም ገባ።

አክስትሽን ታውቂያት የለ፣ በሥራ ነገር ምሕረት የላትም። «ወንድሜ ሆስፒታል ያጨለመ ሰነፍ ነው» አለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ደጁን ሳትረግጥ ኖረች። ስትታመም «ወንድምሽን ልጥራልሽ?» አልኳት። «በሥራው ማፈሩን ይንገረኝና ይምጣ» አለች። ይህን ስትለኝ መድኃኒቷን በማንኪያ እየሰጠኋት ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። በአራተኛው ቀን አረፈች።

ለኮሚቴሽ የሚሆነውን በሌላ ወረቀት ለብቻው ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። ሸንተረር እንደነበረው፣ ግራሶው ሙሉ እንደነበር፣ ተራውን መርጬ የገጠምኩት እኔ እንደሆንኩ። የኋላው ባለ ልባሱ ይሁን። የጭራውን ፊደላት አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።

የአክስትሽ ባል


ኅዳር 9

ልጄ፦

ደብዳቤዬ ደርሶሽ እንደሆን ለማወቅ ነው እንጂ መልስ እየጠበቅሁ አይደለም። ፖስታ ቤት በየቀኑ የምሄደው ለእግሬ ብዬ ነው፤ ሐኪሙ መራመድ ጥሩ ነው ብሏል። ዛሬ የፖስታ ቤቷ ልጅ ገና ከበሩ ስታየኝ በእጇ «የለም» አለችኝ። ሰላም ሳትለኝ። «እኔ ቴምብር ልገዛ ነው የመጣሁት» አልኳት። አሁን ስምንት ቴምብር አለኝ።

የተናደድሽ ከሆነ ተናደጂ። ወረቀቱን ግን ከኮሚቴው በፊት እንዳትቀጂው። እኔን ለመቅጣት ብለሽ ሆስፒታሉን አትቅጪ። ይሄን መጻፌም ስህተት ነው፤ አንቺ እንደዚያ ያለሽ አይደለሽም። እኔ ነኝ እንደዚያ የነበርኩት።

የአክስትሽ ባል


ኅዳር 14

ልጄ፦

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉም የወደድኩት «መጀመሪያ እንዳነበብኩት ድምፅዎን ዳግመኛ መስማት አልፈልግም ብዬ ነበር» ያልሽውን ነው። ሌላው ቸርነት ነው፤ እሱ እውነት ነው።

ወረቀቴ እንደሚበቃ ነግረሽኛል። ስሜን ሳትጠሪ «አንድ የቀድሞ ሠራተኛ» ብለሽ እንደምታቀርቢው፣ ለአባትሽም ጤናው ሻል ሲለው ቀስ ብለሽ በራስሽ መንገድ እንደምትነግሪው። «በዚህ ዕድሜዎ ስምንት ሰዓት አውቶቡስ ላይ መቀመጥ የለብዎትም፤ መጨነቁን ለኔ ይተዉት» ብለሻል። እግዜር ይስጥልኝ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ለኔ ማሰብሽ ራሱ ሸክም ሆኖብኛል።

ግን አይሆንም። ስም ያልተጠራበት ምስክርነት ጭራ እንደሌለው ቁጥር ነው፤ ሰው የፈለገውን ያስገባበታል። ያ የግዥ ኃላፊያችሁ «የቀድሞ ሠራተኛ ማለት ማን ነው? ያው ግራሶ ሰጪው አይደል?» ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? አንቺ ልጁ አይደለሽ? «ለአባቷ ብላ ነው» ሲሉሽ ይታየኛል። ውዱን ኩሽኔታ ያስገዛሽው ለዘመድ ብለሽ ነው ይሉሻል። በኔ ዝምታ አንዴ አባትሽ ሄደ፤ አንቺን አልጨምርበትም።

ማክሰኞ እነሣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ሸሚዞቼን ተኩሻለሁ። መናኸሪያ ማንም እንዳይቀበለኝ። ያለብኝን ዕዳ ከዚህ በታች እጽፍልሻለሁ፣ አንዱንም እንዳትነኪብኝ። እኔው ነኝ የምከፍለው።

ለኮሚቴው አንድ ቃል አለብኝ። «ሙሉ» የምትለዋን። በስሜ፣ ቆሜ እናገራታለሁ። ሽማግሌው ጃጅቷል ካሉ ከማንኛውም ማሽን አጠገብ ያቁሙኝና ካቻቢቴ ይስጡኝ፤ ማን እንደጃጀ እንተያያለን።

ለጣቢያው መዝገብ አለብኝ። እያንዳንዱን ገጽ ይዤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ጭራውን እጽፋለሁ፤ ዓመትም ቢፈጅ። የፈረንጁን ፊደል ጀምሬዋለሁ። ሃያ ስድስት ናቸው አሉኝ። አክስትሽ ሁለት መቶ ምናምኑን ያስቆጠረችውን ሰውዬ ሃያ ስድስት እንዲህ ሲያስፈራው መኖሩ ያሳፍራል።

ለአባትሽ ያለብኝን አትንገሪው። ቀስ ብለሽም ቢሆን፣ በመንገድሽም ቢሆን አትንገሪው። ደጁ ቆሜ ራሴ እነግረዋለሁ፤ «ጨምርለት» ባልኩት ቀን እንደጨመረ አይቻለሁ ብዬ። በሩን ከዘጋብኝ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ቴሌቪዥኑን ከጨመረ እኔም ድምፄን እጨምራለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ነው እንጂ ይቅር በለኝ ብዬ ላስጨንቀው አይደለም። መሳቄንም እነግረዋለሁ። ፀሐይ አልነበረም። ሲወጣ አይቼው እፎይ ስል ፊቴ ያመጣው ነገር ነው፤ እኔም እስካሁን ስሙን አላወቅሁትም።

የአክስትሽን እንዴት እንደምከፍል አላውቅም። አባትሽ እሺ ካለኝ ካረፈችበት ድረስ ወስጄው፣ እሱ እየሰማ እነግራታለሁ። እምቢ ካለኝ ብቻዬን ሄጄ እነግራታለሁ። የምትሰማኝ ቢሆን ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቆሜ እሰማታለሁ።

አንድ ያንቺ ቀርቷል። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ በተባረረ በሳምንቱ የትምህርት ቤት ቦርሳሽን እንዳዘልሽ ጣቢያው በር ድረስ ብቻሽን መጣሽ። እኔን አስጠራሽኝ። «ጋሼ፣ አባቴ ሰነፍ ነው?» አልሽኝ። «ትልቅ ስትሆኚ ታውቂዋለሽ» ብዬሽ ገባሁ። በሩን ከውስጥ ይዤ እስክትሄጂ የእግርሽን ኮቴ ሰማሁ፤ ቶሎ አልሄድሽም።

የሌሎቹን መጥቼ እከፍላለሁ። ያንቺን ግን ከመነሣቴ በፊት ልከፍል፤ ሃያ ሁለት ዓመት አስቀምጬዋለሁና አንድ ሳምንት አልጨምርበትም።

አይደለም፣ ልጄ። ሰነፍ አልነበረም።